ልጃችሁ ወታደር ከሆነ፣ ደመወዙ የት ይገባል?

(የመግቢያ ሙዚቃ፦ ክራር፤ ለጥቂት ሰከንድ ከፍ ብሎ ይሰማና ከድምፅ ሥር ይሆናል)

 

የዛሬው ጉዳያችን ወታደር፣ የወታደር ቤተሰብና ገንዘብ ነው። «ይሄ እኛን ምን አገባን?» የሚል ሰው ይኖራል። እስቲ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። በቤተ ክርስቲያን ግቢም በመስጊድ ደጅም፣ በሠርግም በለቅሶም፣ ዩኒፎርም የለበሰ የሰፈር ልጅ አላያችሁም? በፈረንጆች 2009 የአሜሪካ ጦር ግሪን ካርድ ሳይኖራቸው በሕጋዊ ቪዛ አገር ውስጥ ያሉ ቋንቋ አዋቂዎችን መመልመል ሲጀምር፣ ከሚፈለጉት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነበር። ያ ፕሮግራም አሁን ቆሟል። እዚህ የተወለዱና እዚህ ያደጉ ልጆች ግን ዛሬም በምድር ጦሩ፣ በባሕር ኃይሉ፣ በአየር ኃይሉ አሉ።

(ሙዚቃው ይጠፋል)

ልጁ ሥልጠና እንደገባ ከሚጠየቀው ነገር አንዱ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ነው። ደመወዙ በየወሩ 1ኛውና 15ኛው ቀን የሚገባበት ሒሳብ ማለት ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እስከዚያ ቀን የያዘው ትልቁ ገንዘብ የበጋ ሥራ ክፍያ ሊሆን ይችላል። እና የት ያስገባው? ማንን ይጠይቅ? እናትና አባትስ ምን ብለው ይምከሩት?

ዛሬ ከሚመረጡት በሮች አንዱን እናንኳኳለን። የወታደር ክሬዲት ዩኒየን ይባላል፤ የወታደሮችና የቤተሰቦቻቸው የቁጠባና የብድር ማኅበር ነው። ታሪኩ የአሜሪካ ስለሆነ ዓመቶቹንም ወሮቹንም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ።

(አጭር የሙዚቃ ማሸጋገሪያ)

ክሬዲት ዩኒየን ምንድን ነው? ላይ ላዩን ላየው ባንክ ነው። ቅርንጫፍ አለው፤ ካርድ ይሰጣል፤ ቼኪንግና ሴቪንግ ይከፍታል፤ ለመኪናም ለቤትም ያበድራል። ልዩነቱ የሚወጣው «ባለቤቱ ማነው?» ብላችሁ ስትጠይቁ ነው።

የባንክ ባለቤቶች አክሲዮን የገዙ ሰዎች ናቸው። እኛ ደንበኞች ነን። የክሬዲት ዩኒየን ባለቤቶች ግን ገንዘባቸውን እዚያው ያስቀመጡት አባላት ራሳቸው ናቸው። ዓመቱን ተሠርቶ የተረፈው ገንዘብ ውጪ ላለ ባለአክሲዮን አይከፋፈልም። ለቁጠባ በሚከፈል የተሻለ ወለድ፣ ለብድር በሚጠየቅ ዝቅ ያለ ወለድ፣ ወይም በመጠባበቂያነት እዚያው ቤት ውስጥ ይቀራል።

ይህን ደግሜ ልበለው፤ የቀረው ሁሉ የተንጠለጠለው እዚህ ላይ ነው። አስቀማጩ ባለቤት ነው። አምስት ዶላር ያስቀመጠም፣ መቶ ሺህ ዶላር ያስቀመጠም፣ የቦርድ አባላት ሲመረጡ ያለው ድምፅ አንድ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ድምፅ።

እቁብ የጣለ ሰው ይህ ነገር አይከብደውም። የእቁብ ገንዘብ የእቁብተኛው ነው፤ ዳኛውም ጸሐፊውም ከመካከል የተመረጡ ናቸው። ክሬዲት ዩኒየን ላይ ግን ዕጣ የለም፣ ተራ መጠበቅ የለም፤ ፈቃድ አውጥቶ የሚሠራ፣ በመንግሥት የሚመረመር ድርጅት ነው። ዳኛው ገንዘቡን ይዞ ቢጠፋስ የሚለው ስጋትም መልስ አለው፤ የፌዴራል መንግሥት የኢንሹራንስ ፈንድ አለ። ፈንዱ የተቋቋመው በ1970 ነው፤ ዛሬ የአንድን አባል ቁጠባ እስከ 250,000 ዶላር ድረስ ይሸፍናል። ድርጅቱ ቢዘጋ እንኳ እስከዚያ ድረስ ያለው ገንዘብ ይመለሳል።

ሐሳቡ በአገራችንም አዲስ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች በ1964 ያቋቋሙት የቁጠባና ብድር ማኅበር በዓይነቱ የመጀመሪያው ተብሎ ይጠቀሳል። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ «የቁጠባና ብድር ማኅበራችን» የሚል ሠራተኛ ሞልቷል። አንድ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ሰዎች ከደመወዛቸው እየቆረጡ ያጠራቅማሉ፤ ለቸገረው ከዚያው ያበድራሉ።

(ለአፍታ ዝምታ)

የወታደሮቹም ነገር የተጀመረው ልክ እንዲሁ ነው። ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ይባላልና ወደ 1933 እንመለስ።

አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት መካከል ነች። ባንኮች ይከስራሉ፤ ሰው ገንዘቡን ለማውጣት በየባንኩ ደጅ ይሰለፋል። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የአገሪቱን ባንኮች በሙሉ ለቀናት እስከ መዝጋት ደረሱ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በጥር ወር፣ በዋሽንግተን የባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚሠሩ ሰባት ሰዎች ተሰብስበው ለራሳቸውና ለባልደረቦቻቸው ክሬዲት ዩኒየን አቋቋሙ። ሰባት ሰዎች ብቻ። ክሬዲት ዩኒየኖች በመላ አገሪቱ በፌዴራል ፈቃድ እንዲቋቋሙ የሚያስችለው ሕግ እንኳ የወጣው በቀጣዩ ዓመት፣ በ1934 ነው።

ማኅበሩ በ1947 የፌዴራል ፈቃድ አግኝቶ ኔቪ ፌዴራል ክሬዲት ዩኒየን ተባለ። በሩም ቀስ እያለ ሰፋ። በ2008 ለመከላከያ ሚኒስቴር ኃይሎች ሁሉ ተከፈተ፤ የምድር ጦርም አየር ኃይልም ገባ ማለት ነው። በ2013 የባሕር ዳርቻ ጥበቃው፣ ኮስት ጋርድ የሚባለው፣ ተጨመረ። በ2017 ደግሞ ለቀድሞ ወታደሮች ሁሉ ተፈቀደ። ዛሬ ከ14 ሚሊዮን በላይ አባላት አሉት፤ በዓለም ትልቁ ክሬዲት ዩኒየን እሱ ነው።

ዋና መሥሪያ ቤቱ የት ይመስላችኋል? ቪየና! የኦስትሪያዋ አይደለችም፤ የቨርጂኒያዋ ቪየና ነች። ከፎልስ ቸርች ወይም ከፌርፋክስ ለምትሰሙን ጎረቤታችሁ ነው። በደጁ ስታልፉ «የማን ሕንፃ ይሆን?» ያላችሁ ትኖራላችሁ።

ኔቪ ፌዴራል ብቸኛው አይደለም። ፔንፌድ የሚባለው በ1935 ለጦር ሚኒስቴሩ ሠራተኞች የተቋቋመ ሲሆን፣ ዛሬ ወታደር ላልሆነም ሰው ክፍት ነው። በየጦር ሰፈሩ አካባቢ አነስ አነስ ያሉም አሉ። ዩኤስኤኤን የሚጠቅሱልኝ ሰዎች አሉ፤ እሱ ክሬዲት ዩኒየን አይደለም። በ1922 ሃያ አምስት የጦር መኮንኖች በሳን አንቶኒዮ፣ ቴክሳስ፣ አንዱ የሌላውን መኪና ኢንሹራንስ ለመሸፈን የጀመሩት ነው፤ በኋላ ባንክም ከፈተ። መልካም ስም አለው፤ ግን ሌላ ዓይነት ድርጅት ነው።

(የሙዚቃ ማሸጋገሪያ)

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። ለወታደር ለብቻው የገንዘብ ቤት ለምን አስፈለገ? ወታደርስ እንደ ማንኛውም ሰው በሰፈሩ ባንክ ቢጠቀም ምን ይጎድልበታል?

በመጀመሪያ ወታደር ሰፈር የለውም። ዛሬ ኖርፎክ፣ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ሳንዲዬጎ፣ ከዚያ ጃፓን ወይም ጀርመን። በትውልድ ከተማው ሒሳብ የከፈተበት ትንሽ ባንክ ኦኪናዋ ላይ ቅርንጫፍ የለውም። መርከብ ላይ ወራት የሚከርም ሰው ኢንተርኔት እንደልቡ አያገኝም፤ የቤት ኪራይ፣ የመኪና ክፍያ፣ የልጅ ወጪ ግን አይጠብቀውም። የወታደር ክሬዲት ዩኒየን ይህን ያውቀዋል፤ የተሠራው ለዚያ ነውና። ቅርንጫፉን ጦር ሰፈሩ ውስጥ ይከፍታል፤ ባሕር ማዶም ይከተላል።

ሁለተኛው ነገር ከበድ ይላል፤ ትንሽ እንቆይበት።

ከአንድ ትልቅ ጦር ሰፈር በር ወጥታችሁ ዋናውን መንገድ ያዙ። ምን ታያላችሁ? ያገለገሉ መኪኖች የተደረደሩበት ሜዳ፤ ላዩ ላይ ባንዲራ፣ «ለወታደሮች ያለ ቅድሚያ ክፍያ!» የሚል ጽሑፍ። አለፍ ሲል ዕቃ በመያዣ የሚቀበል ሱቅ። ከዚያ በዱቤ ሶፋና ቴሌቪዥን የሚሸጥ። ከዚያ ደግሞ ፔይዴይ ሎን፣ እስከ ደመወዝ ቀን የሚያበድሩ ሰዎች። ለምን እዚያ ተሰለፉ? ምክንያቱም በዚያ በር የሚወጣው ወጣት ሦስት ነገር አለው። በመንግሥት የተረጋገጠ ደመወዝ፣ ትንሽ ዕድሜ፣ እና ከጎኑ «ተው፣ እስቲ ነገ እናስብበት» የሚል አባት አለመኖር።

የፔይዴይ ብድር እንዴት እንደሚሠራ አብረን እናስላ። እስክሪብቶ አያስፈልግም።

መቶ ዶላር ትበደራላችሁ። የተለመደው ክፍያ አሥራ አምስት ዶላር ነው፤ የምትመልሱት በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው። «አሥራ አምስት ከመቶ፣ ምን አላት?» ትላላችሁ። ልብ በሉ! ለሁለት ሳምንት ነው እንጂ ለዓመት አይደለም። ዓመት ውስጥ ስንት ሁለት ሳምንት አለ? ሃያ ስድስት። ሃያ ስድስት ጊዜ አሥራ አምስት፣ ሦስት መቶ ዘጠና። ይህ ብድር በዓመት ሲሰላ 390 ከመቶ ወለድ ነው።

አሁን ልጃችን ሦስት መቶ ዶላር ተበደረ እንበል። የመኪናው ጎማ ፈነዳበት፤ ሌላ ምክንያት አያስፈልግም። ክፍያው አርባ አምስት ዶላር ነው። ሁለት ሳምንት አለፈ፤ ደመወዝ ገባ፤ ግን ሦስት መቶ አርባ አምስቱን ከከፈለ ለኪራዩ አይቀረውም። «ግድ የለም፣ አርባ አምስቷን ብቻ ክፈልና ብድሩን እናራዝምልህ» ይሉታል። ከፈለ። ከሁለት ሳምንት በኋላም እንዲሁ። ስምንት ጊዜ ብቻ እንዲህ ቢያደርግ፣ አራት ወር ሳይሞላ ሦስት መቶ ስልሳ ዶላር ከፍሏል። ስንት ቀረበት? ሦስት መቶ። ከተበደረው በላይ ከፍሎ፣ ዕዳው ከነነፍሱ ቁጭ ብሏል።

(ለአፍታ ዝምታ)

ለወታደር ደግሞ ዕዳ የኪስ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ምስጢራዊ ሥራ የሚሠራ ወታደር የደኅንነት ማረጋገጫ ያስፈልገዋል፤ ክሊራንስ የሚሉት ነው። ዕዳ የተቆለለበት ሰው ክሊራንሱን ሊያጣ ይችላል፤ ክሊራንሱን ካጣ ሥራውን ያጣል። ለዚህም ነው የመከላከያ ሚኒስቴር ራሱ በ2006 «እነዚህ አበዳሪዎች የሠራዊቱን ዝግጁነት እየጎዱብኝ ነው» ብሎ ለኮንግረስ ሪፖርት ያቀረበው። በዚያው ዓመት ሕግ ወጣ። በሥራ ላይ ላለ ወታደር፣ ለትዳር ጓደኛውና ለሌሎች ጥገኞቹ የሚሰጥ ብድር ከነልዩ ልዩ ክፍያው በዓመት ከ36 ከመቶ አይበልጥም ተባለ። በ2015 ደግሞ ሕጉን የሚያስፈጽመው ደንብ ብዙ ዓይነት ብድሮችን እንዲሸፍን ተደረገ።

ጥሩ ሕግ ነው። ግን አንድ ቀዳዳ አለው፤ ወላጆች ይህን አድምጡኝ። መኪና ለመግዛት የሚወሰድና መኪናው ራሱ መያዣ የሆነበት ብድር በዚህ ሕግ አይሸፈንም። ያ በባንዲራ ያሸበረቀው የመኪና ሜዳ ከዚህ ጣሪያ ውጪ ነው ማለት ነው።

እንግዲህ ክሬዲት ዩኒየኑ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የፌዴራል ክሬዲት ዩኒየኖች በአብዛኛው ብድራቸው ላይ ከ18 ከመቶ በላይ ወለድ እንዳያስከፍሉ ተደንግጓል። ልጁ ወደ መኪና ሻጩ ከመሄዱ በፊት ክሬዲት ዩኒየኑ ዘንድ ሄዶ «ስንት ታበድሩኛላችሁ? በስንት ወለድ?» ብሎ ይጠይቅ። የተፈቀደለትን ይዞ ይሂድ። ሻጩ «የኛ ይሻላል» ካለው ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ያስተያይ። ቁጥሩ ይናገራል። በባዶ እጁ የሄደ ልጅ ግን የሚያስተያየው ነገር የለውም፤ የወሩን ክፍያ ብቻ ይነግሩታል፤ «በወር ይህን ያህል ብቻ!» ይሉታል። ስንት ወር? ስድስት ዓመት!

አንድ ሌላ መብት ልጨምር፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ልጃችሁ ወደ ሠራዊቱ ከመግባቱ በፊት የተበደረው ብድር ካለ፣ የመኪናም ይሁን የክሬዲት ካርድ፣ በሥራ ላይ እያለ ወለዱ ከ6 ከመቶ እንዳይበልጥ የሚያደርግ የፌዴራል ሕግ አለ። ከላይ ያለው ወለድ ይሰረዛል እንጂ ወደ ፊት አይተላለፍም። ግን በራሱ አይመጣም፤ ይጠየቃል። በጽሑፍ፣ ከጥሪ ትእዛዙ ቅጂ ጋር ለአበዳሪው ይላካል። ከመግባቱ በፊት የተበደረው መሆኑን ደግሜ አስታውሳለሁ፤ ከገባ በኋላ የተበደረውን አይመለከትም።

(የሙዚቃ ማሸጋገሪያ፤ ቀለል ያለ)

የአባላት ቤት መሆን በክፉ ቀን ምን ይመስላል? አንድ እውነተኛ ነገር ላንሣ።

በታኅሣሥ 2018 የአሜሪካ መንግሥት በበጀት ክርክር ተዘጋ። ሠላሳ አምስት ቀን ቆየ። የምድር ጦሩ፣ የባሕር ኃይሉና የአየር ኃይሉ በጀት አስቀድሞ ጸድቆ ስለነበር ደመወዛቸው አልተቋረጠም። ኮስት ጋርድ ግን በመከላከያ ሚኒስቴር ሥር አይደለም፤ በአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ሥር ነው። ጥር 15 ቀን 2019 ደረሰ፤ የደመወዝ ቀን ነው። ባሕር ላይ ሰው የሚያድኑት እነዚያ ሰዎች ሒሳባቸውን ሲከፍቱ ደመወዝ የለም። ሥራው ግን አልቆመም። በየሰፈሩ ለቤተሰቦቻቸው ምግብ የሚያድሉ ሰዎች ተነሡ።

ኔቪ ፌዴራልና ሌሎች የወታደር ክሬዲት ዩኒየኖች በዚያ ጊዜ ያለ ወለድ የደመወዝ ምትክ ብድር ሰጡ። ደመወዙ ሲለቀቅ ብድሩ ተመለሰ። በጎ አድራጎት ብቻ አድርጌ አላየውም። ደመወዙ እንደሚመጣ ያውቃሉ፤ አባሉን ያውቁታል፤ ከመዝገባቸው ላይ የት እንደሚሠራ ያያሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው በሒሳብ መዝገብ ሲጻፍ ይህን ይመስላል።

(ለአፍታ ዝምታ)

ታዲያ እንከን የለውም? አለው። ያለውንም እነግራችኋለሁ፤ እዚህ የተቀመጥኩት ለማስታወቂያ አይደለም።

በኅዳር 2024 የፌዴራሉ የሸማቾች የገንዘብ ጥበቃ ቢሮ ኔቪ ፌዴራልን ከ80 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለአባላቱ እንዲመልስ፣ 15 ሚሊዮን ዶላር ደግሞ ቅጣት እንዲከፍል አዘዘ። ምን አደረገ? ኦቨርድራፍት ነው ነገሩ፤ ሒሳብ ላይ ከሌለ ገንዘብ ሲወጣ የሚጠየቅ ክፍያ። ቢሮው እንዳለው ከ2017 እስከ 2022 ድረስ አባላት ዕቃ ሲገዙ በስልካቸው የሚያዩት ሒሳብ በቂ ገንዘብ እያሳየ፣ ግዢው በኋላ ሲወራረድ ገንዘቡ አንሶ በመገኘቱ ክፍያ ተጠይቀዋል።

በምሳሌ ላስረዳ። ሒሳቡ ስልሳ ዶላር ይላል። አርባ ዶላር ነዳጅ ቀዳ። ሃያ ተረፈኝ ብሎ ሄደ። ነገር ግን የነዳጁ ሒሳብ የሚወራረደው ወዲያው አይደለም፤ ከቀን በኋላ ነው። በመካከሉ ሌላ ክፍያ፣ ለምሳሌ የስልክ፣ ቀድሞ ገብቶ ሠላሳ ዶላር ወሰደ። ነዳጁ ሲደርስ ሠላሳ ዶላር ብቻ ነው ያለው። ቅጣት፦ ሃያ ዶላር። ልጁ ነዳጁን ሲቀዳ ምን አጠፋ? ምንም! አምኖ ያየው ቁጥር ነው የከዳው።

በ2025 አጋማሽ ላይ፣ መሪዎቹ ከተለወጡ በኋላ፣ ቢሮው ያንኑ ትእዛዝ ራሱ ሻረው። እንግዲህ ትእዛዙ ተሽሯል ማለት ነገሩ አልተደረገም ማለት አይደለም። እኔ የምፈርደው እንዲህ ነው፦ የአባላት ንብረት መሆኑ ከባንክ የተሻለ ያደርገዋል፤ ጻድቅ አያደርገውም። አሥራ አራት ሚሊዮን ሰው ያለበት ቤት፣ ሰባት ሰው እንደጀመረው ቤት እርስ በርሱ አይተዋወቅም። ስለዚህ ሒሳብ ሲከፈት «ኦቨርድራፍቱ ይኑር ወይስ ይቅር?» ብለው ሲጠይቁ፣ ልጁ ዝም ብሎ ቀኝ ታቹ ላይ እንዳይፈርም። በካርድ ለሚደረግ ግዢ ይህን አገልግሎት «አልፈልግም» ማለት ይችላል። ካልፈለገ፣ ገንዘብ ከሌለ ካርዱ አይሠራም፤ በቃ። ትንሽ ያሳፍር ይሆናል። ሃያ ዶላር ግን አያስከፍልም።

(የሙዚቃ ማሸጋገሪያ)

ወደ እናንተ ልመለስ። «ልጄ ወታደር ነው፤ እኔ ራሴ አባል መሆን እችላለሁ?» የሚለው ጥያቄ በብዙ ቤት ይነሣል። ኔቪ ፌዴራልን ከወሰድን፣ መልሱ አዎ ነው። እናት፣ አባት፣ አያት፣ ወንድም፣ እኅት፣ ባል፣ ሚስት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ ሁሉም በወታደሩ በኩል መግባት ይችላሉ። የሚያስፈልገው የቁጠባ መነሻ አምስት ዶላር ነው። በመከላከያ ሚኒስቴር የሚሠራ ሲቪል ሠራተኛም ይገባል። አንዴ የገባ ሰው ልጁ ከሠራዊቱ ቢወጣም አባልነቱ ይቀጥላል።

እናቶች፣ አባቶች፣ ሁለት ነገር ላስጠንቅቃችሁ። ለልጃችሁ ብድር አብራችሁ ስትፈርሙ ዋስ ሆናችሁ ማለት ነው። እሱ ባሕር ላይ ሳለ ክፍያ ካለፈ የሚደወለው ለእናንተ ነው፤ የሚበላሸውም የእናንተ ክሬዲት ጭምር ነው። ልጅ ነው ብላችሁ ብቻ አትፈርሙ፤ ወረቀቱን አንብቡ፣ ወይም የሚያነብላችሁ ፈልጉ።

ሁለተኛው ውክልና ነው። ልጁ ለግዳጅ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ፣ ሒሳቡን የሚከታተልለት፣ የመኪናውን ጉዳይ የሚጨርስለት ሰው ያስፈልገዋል። በጦር ሰፈሩ ያለው የሕግ ርዳታ ቢሮ ውክልናውን በነፃ ይጽፍለታል። ውክልናው ለምን ጉዳይ እንደሆነና መቼ እንደሚያበቃ በግልጽ ይጻፍበት። ሁሉን ነገር ለሁሉም ጊዜ የሚሰጥ ውክልና፣ ለወንድምም ቢሆን፣ አይመከርም። ስንት ቤተሰብ በዚህ ተጣልቷል? የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

(ክራሩ ከሥር ቀስ ብሎ ይጀምራል)

አስቀማጩ ባለቤት ነው ብለን ነበር የጀመርነው። አንድ ሰው፣ አንድ ድምፅ። የቦርዱ አባላት የሚመረጡት በአባላቱ ነው። እስቲ ከእናንተ መካከል የክሬዲት ዩኒየን አባል የሆነ ሰው ይመልስልኝ፦ ቦርዱን መርጠህ ታውቃለህ? መርጠሽ ታውቂያለሽ? የምርጫው ማስታወቂያ በፖስታ ወይም በኢሜይል ሲደርስ፣ ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር አብሮ ቅርጫት ውስጥ የሚገባበት ቤት ብዙ ነው። የኦቨርድራፍት ክፍያው ስንት ይሁን፣ የትኛው ቅርንጫፍ ይዘጋ፣ ማን ይበደር በሚለው ላይ መመሪያ የሚያወጣው ያ ቦርድ ነው። ድምፁን የማይሰጥ አባል፣ ባንክ ውስጥ ካለ ደንበኛ በምን ይለያል?

በዚህ ሳምንት ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ፣ የእኅት ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ ካላችሁ ደውሉለት። ሦስት ነገር ጠይቁት። ደመወዝህ የት ይገባል? የመኪናህ ብድር ወለዱ ስንት ነው? ኦቨርድራፍቱን ፈርመሃል ወይ? ሁለተኛውን ጥያቄ «እኔ እንጃ» ብሎ ከመለሰ ወረቀቱን ፎቶ አንሥቶ እንዲልክላችሁ አድርጉና አብራችሁ ተመልከቱት።

በሚቀጥለው ሳምንት የቤት ብድርን ይዘን እንቀርባለን፤ ያለ ቅድሚያ ክፍያ ቤት መግዛት የሚያስችለው የቀድሞ ወታደሮች ብድር እንዴት እንደሚሠራ እናያለን። ጥያቄ ያላችሁ እስከዚያ ላኩልን፤ በዝግጅቱ ላይ እናነበዋለን። 

(ሙዚቃው ከፍ ብሎ ይዘጋል)